መልስ፦ የሜል ብሩክስ ቤተሰብ መዝገብ ለምን አልተገኘም?

የአሜሪካዊውን የኮሜዲ ፊልም ሰሪ የሜል ብሩክስን ቤተሰብ መዝገብ «ብሩክስ» ብለህ ስለፈለግህ ነው ያጣኸው። የትውልድ ስሙ ሜልቪን ካሚንስኪ ነው፤ «ብሩክስ» ከእናቱ የቤተሰብ ስም ከ«ብሩክማን» ተቆርጦ የወጣ የመድረክ ስም ነው። እሱ ራሱ ስደተኛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ተወለደ። የአባቱ ወገን ከዳንዚግ (የዛሬዋ ግዳንስክ፣ ፖላንድ)፣ የእናቱ ወገን ከኪየቭ የመጡ አይሁድ ናቸው።

እንዲህ ፈልግ፦
1. የአሜሪካን የ1930 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ ክፈት። ብሩክሊን የሚመዘገበው «ኪንግስ ካውንቲ» በሚል ነው።
2. ከአባት ሳይሆን ከእናቱ ከኬት ካሚንስኪ ጀምር። አባቱ ማክስ የሞተው ሜል ገና 2 ዓመቱ ሳለ ስለሆነ እዚያ ቆጠራ ላይ የለም። አራት ወንዶች ልጆች ያሉበትን ቤት እይ፤ ሜል የመጨረሻው ነው።
3. ካልመጣልህ የስሙን ፊደላት ቀያይር፤ ቆጣሪዎቹ የሰሙትን ነበር የሚጽፉት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ማክስ ካሚንስኪ የሚባል ታዋቂ የጃዝ ጥሩምባ ነፊም ነበር። ከሜል አባት ጋር ሞክሼ ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። ሜል ስሙን የቀየረውም ከዚሁ ሙዚቀኛ ጋር እንዳያምታቱት ነው።

የሜልን ፊልሞች ማየት ከፈለግህ ከ«ዘ ፕሮዲውሰርስ» ጀምር፤ ለድርሰቱ ኦስካር ያገኘበት ነው። በዚሁ ስም በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ፊልም ግን ዳይሬክት ያደረገው እሱ አይደለም። «ያንግ ፍራንከንስታይን» ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣ ቅጂው ተበላሽቶ አይምሰልህ፣ ሆን ብሎ ነው።