1042

የዌብሳይትና የሶፍትዌር የደህንነት ክፍተት ወደምንፈልግበት ወደዚህ ሙያ መግባት የምትፈልጉ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ "በየትኛው ቱል፣ በየትኛው መፈተሻ ሶፍትዌር ልጀምር?" ብላችሁ ነው። ቱሉስ አያስቸግርም፤ ስትነካኩት ትለምዱታላችሁ። እኔን ዓመታት የፈጀብኝ ሌላ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛችንን ዌብሳይት እንድፈትሽ ተሰጠኝ። በሙከራ አካውንቴ ገብቼ ደረሰኜን ከፈትኩ። የአድራሻው መጨረሻ ላይ ቁጥር አለ፤ 1041። 1042 ብዬ ቀየርኩት። የሌላ ሰው ደረሰኝ ከነስልክ ቁጥሩ ተከፈተ። ሲስተሙ መግባቴን እንጂ ደረሰኙ የማን እንደሆነ አያጣራም ነበር። እኔ በደስታ ሰከርኩ። 1043፣ 1044 እያልኩ አርባ ያህል ከፈትኩና አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ።

"ክፍተቱ መኖሩን በስንተኛው አወቅህ?" አለኝ።

"በመጀመሪያው።"

"ታዲያ የቀሩትን ሰዎች ገመና ለምን አየህ?"

መልስ አልነበረኝም። ያውም የተፈረመ ውል ይዘን ነው። ያለ ፈቃድ ይህንኑ ብታደርጉ በብዙ አገር ወንጀል ነው፤ "ለበጎ ብዬ ነው" ማለት አያድናችሁም። መለማመድ ካሻችሁ "ፈትሹን" ብለው ሽልማት የሚከፍሉ ድርጅቶች አሉ። ደንባቸውን ግን እስከ ታች አንብቡ።

ትልልቆቹ ክፍተቶች ረቂቅ ይመስሏችኋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነውን ሃርትብሊድን እዩ። ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ውስጥ የነበረ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨሩን "አለህ? ካለህ 'ሰላም' የምትለዋን ቃል መልስልኝ፤ ሦስት ፊደል ናት" እንደማለት ነው። ተንኮለኛው ግን ያችኑ ቃል ልኮ "64 ሺህ ፊደል ናት" ይላል። ሰርቨሩ ሳይቆጥር ሰላምንም፣ አጠገቧ ሚሞሪ ላይ ያገኘውንም፣ ፓስወርድ ይሁን የምስጠራ ቁልፍ፣ ዘግኖ ይሰጠዋል። አለመቁጠር፣ በቃ! ጉግል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያና ኮዴኖሚከን የተባለ የፊንላንድ ድርጅት በየፊናቸው ደረሱበት። ይፋ ሲወጣ ማስተካከያውም አብሮ ወጣ።

ክፍተት ስታገኙ መጀመሪያ ለባለቤቱ ንገሩ፤ ጊዜም ስጡት። ፕሮጀክት ዜሮ የሚባለው የጉግል ክፍተት ፈላጊ ቡድን ለምሳሌ 90 ቀን ይሰጣል። ቀን ሳይቆረጥለት የሚያስተካክልም ብዙ አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር።

ወደ 1042 ልመለስ። ሪፖርቱን ስጽፍ "አሳፋሪ ስህተት" የሚል ሐረግ ሰንቅሬ ነበር። አለቃዬ በቀይ ሰረዘውና "ይሄን የሚያነበው ኮዱን የጻፈው ልጅ ነው" አለኝ። የት እንደተከፈተ፣ እንዴት እንደሚደገም፣ ምን ቢደረግ እንደሚዘጋ ብቻ ጽፌ ላክሁ። ልጁ በማግስቱ ዘግቶት መልስ ጻፈልኝ፦ "ሌላም ገጽ ላይ እንዲሁ የጻፍኩ ይመስለኛል። ታይልኛለህ?"