ጊታሩን እንዳትሸጪ

እህቴ፣ «ወንድሜ ባጃጅ ውስጥ እያለ ተገጭቶ 19 ቀን ኮማ ውስጥ ቆየ፤ አሁን ቤት ገብቷል፤ የትናንቱን አያስታውስም፤ ለሕክምናው ቤዝ ጊታሩን ልሽጠው?» ያልሽውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኔም ወንድም ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በ2013 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሥራ ጨርሶ ሲመለስ የተሳፈረበትን ባጃጅ አይሱዙ ገጨው። 22 ዓመቱ ነበር።

አንደኛ፣ ጊታሩን እንዳትሸጪ። እኔ የአንገት ሐብሌን ሸጥኩ፤ ኪቦርዱን ግን አልነካሁም። የሆነውን ነገር የሚይዘውና እጅ የለመደውን የሚይዘው የአንጎል ክፍል አንድ አይደለም። ወንድሜ ምሳ መብላቱን ይረሳ ነበር። የአያታችንን መሞት ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሦስቴም እንደ አዲስ አለቀሰ። በአምስተኛው ወር ኪቦርዱን ፊቱ ሳስቀምጥለት ግን ግራ እጁ ትዝታን ራሱ አገኘው። ቀኝ እጁ ይዘገይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በራችን ላይ ቆሞ ሰማ።

ታዲያ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አታሳልፊው። ድምፅ ይበዛባቸዋል፣ ቶሎ ይደክማሉ፣ ከዚያ ይቆጣሉ። የወንድሜ ጓደኞች ሊያበረታቱት ድራም ይዘው ቢመጡ ጆሮውን ይዞ ጓዳ ገባ። የወንድምሽን ቁጣ ጠባዩ ነው አትበይ፤ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሰው ራሱን መግታት ያቅተዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዞለት ከሆነም ሐኪም ሳያዝ እንዳታቋርጪበት።

ሁለተኛ፣ ወረቀት። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የጉዳቱን መጠን የሚመሰክረው የሕክምና ቦርድ በሰጠን ማስረጃ ላይ «የቀኝ ጭን ስብራት» ብቻ ተጽፎ ወጣ። ስለ ጭንቅላቱ አንድ ቃል የለም። እኔም ማኅተሙን አየሁ እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩም። ለሶስተኛ ወገን ካሳ፣ ማለትም የገጨው መኪና መድን ለተጎዳ ሰው ለሚከፍለው፣ ስንሄድ የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየውና «ይሄ እኮ ይሄዳል፣ ይስቃል። ምኑ ነው የተጎዳው?» አለኝ። እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ እያለ! ወንድሜ ቤት ሳንደርስ ረስቶታል። እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቦርዱ እንዲያስተካክልልኝ ስለምን የሲቲ ስካኑን (የጭንቅላት ምርመራውን) ፊልም አምጪ አሉኝ። ፊልሙን ያለ ኮፒ ለዚያው የመድን ሠራተኛ አስረክቤ ነበር። «እኔ ጋ የለም» አለ። ነገ ተመለሺ፣ ከነገ ወዲያ ተመለሺ ሲባል 2 ዓመት ሞላ። ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ ደግሞ 2 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። የእግሩን ብቻ ከፍለውን ቀረ።

አንቺ ፊልሙን ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው፤ ኦርጅናሉን ለማንም አትስጪ። ኮማ ውስጥ የቆየበት ቀን፣ የማስታወስ ችግሩ፣ በሙዚቃ የሚተዳደር መሆኑ ጭምር ቦርዱ በሚሰጥሽ ማስረጃ ላይ ይጻፍ። ከሆቴል ወይም ከባንድ ጋር የተፈራረመው ውል ካለ ፈልጊው፤ ገቢው መቋረጡን የምታሳዪው በሱ ነው።

ወንድሜ አሁን እሁድ እሁድ ለሰፈር ልጆች ኪቦርድ ያስተምራል። አዲስ ዘፈን መያዝ አሁንም ይከብደዋል። የልጆቹን ስም ደብተር ላይ ጽፎ ነው የሚጠራቸው፤ ጣታቸው ሲሳሳት ግን ሳያይ ያውቃል።

አንድ ነገር ሳትጽፊ ቀርተሻል፤ የገጨው መኪና ሰሌዳ ተይዟል? ቢያመልጥም ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ ስላለ ተስፋ አትቁረጪ። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት እጅሽ ላይ ካለ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ምን እንደሚጎድለው አይቼ እነግርሻለሁ።