ጉድጓዱ «አትሂድ» ይላል፤ «ሂድ» ግን አይልም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ወደ በረዷማ ተራሮች መውጣት ጀምሬያለሁ። የበረዶ ናዳ ስጋትን ለመፈተሽ ጉድጓድ ቆፍሬ በረዶውን በአካፋ 30 ጊዜ መትቼ ካልተሰበረ፣ ተዳፋቱን ልሻገር እችላለሁ?

መልስ፦ በዚያ ብቻ ተማምነው አይሻገሩ። ሰው የሚገድለው ናዳ ብዙውን ጊዜ እንደ ዱቄት የሚፈስሰው ልል በረዶ ሳይሆን እንደ ሰሌዳ ተያይዞ የሚወርደው ነው። ሰሌዳው ከሥሩ ደካማ ንብርብር፣ ከዚያም 30 ዲግሪ የሚደርስ ወይም የሚበልጥ ተዳፋት ይፈልጋል። የእርስዎ ክብደት ደካማውን ንብርብር አንድ ቦታ ላይ ሲሰብረው ስብራቱ በውስጡ ይሮጣል፤ ሰሌዳው መያዣ አጥቶ ይንሸራተታል። በዚያን ጊዜ እርስዎ ብዙውን ጊዜ መሐሉ ላይ ነዎት።

የጠቀሱት ፈተና 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ ከአካባቢው ቆርጦ በመለየት ይሠራል። የአካፋው ምላስ ከላይ ይጋደማል፤ ከዚያ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ይመታል። ይህ ንብርብሩ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር ይነግርዎታል፤ ስብራቱ መሮጥ አለመሮጡን ግን አይነግርዎትም። ለዚህ በተዳፋቱ አግድም 90 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ዓምድ ቆርጠው አንዱን ጫፍ ብቻ ይምቱ። ስብራቱ በዚያው ምት ወይም በሚቀጥለው እስከ ሌላኛው ጫፍ ከዘለቀ ይመለሱ።

ፈተናው ሊያሳስትም ይችላል። የዓምዱ ጀርባ እስከ ታች ሳይቆረጥ ከቀረ ዓምዱ ከኋላው ይደገፋል፤ ውጤቱም በሐሰት ጠንካራ ይሆናል። ደካማው ንብርብር ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቅ ከሆነ የምቱ ኃይል ላይደርሰው ይችላል። ከሁሉም በላይ ጉድጓዱ አንዲት ነጥብ ናት፤ ነፋስ ከጥቂት እርምጃ በኋላ በረዶውን በእጥፍ ከምሮት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመቆፈርዎ በፊት ዙሪያዎን ይዩ። ተመሳሳይ አቅጣጫ ባለው ተዳፋት ላይ ትኩስ ናዳ ካለ፣ ከእግርዎ ሥር «ዱፍ» ብሎ በረዶው ከሰመጠ፣ ከስኪዎ ፊት ስንጥቅ ከሮጠ፣ ተራራው መልሱን ሰጥቷል፤ አካፋ አያስፈልግም።

ዝቅዝቃቱን ለመለካት ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት የስኪ ዘንግ ይበቃል። አንዱን ወደ ቁልቁለቱ አጋድመው ምልክት ያስቀሩ። የዘንጉን ጫፍ በምልክቱ የላይኛው ጫፍ ላይ ተክለው እጀታውን ወደ ውጭ ያንሡ፤ ሁለተኛውን ከእጀታው ቀጥ አድርገው ወደ ታች ያንጠልጥሉ። የተንጠለጠለው ዘንግ ጫፍ በምልክቱ የታችኛው ጫፍ ላይ ካረፈ 30 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በታች ካረፈ ይበልጣል። ይህን የሚሠሩት ግን አደጋ በሌለበት ትንሽ ቁልቁለት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በረዶ ከጣለ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሰማዩ የጠራ፣ ብርዱም የበረታ ነበር። ክምሩ ረግቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አዲሱ በረዶ ረግቶ ይሆናል፤ ሥሩ ግን ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። መሬቱ 0 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ላዩ እጅግ ይቀዘቅዛል። በየ10 ሴንቲሜትሩ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ከበለጠ፣ እንፋሎት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይወጣና ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የማይያያዙ ማዕዘናም ያደርጋቸዋል። 60 ሴንቲሜትር ክምር፣ ላዩ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ቢሆን፣ ልዩነቱ በየ10 ሴንቲሜትሩ 2 ዲግሪ ነው። ሣሣ ያለ ክምር በብርድ ጊዜ የሚያታልለው ለዚህ ነው። ከሥር አንድ እፍኝ ወስደው ይጭመቁት፤ እንደ ስኳር ከፈሰሰ ይጠርጥሩት። ላዩ ላይ ላባ የመሰለ አመዳይ ከበቀለም ልብ ይበሉ፤ በቀጣዩ በረዶ ሲቀበር ለሳምንታት የሚቆይ ደካማ ንብርብር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያው ከ5 ደረጃ 3 ሲል «መካከለኛ» ማለት ነው?

መልስ፦ በቁጥሩ አይዘናጉ፤ አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ በእኩል አይጨምርም። በ3 አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊያስነሣ ይችላል፤ አንዳንዴም ከታች ሜዳ ላይ ቆሞ። ከ30 ዲግሪ በታች ይቆዩ፤ ከራስዎ በላይ ቀጥ ያለ ተዳፋት አለመኖሩንም ያረጋግጡ።