ሳይክሌን አጥፌ ሚኒባስ ልግባ?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ቤቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፣ ስራዬ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ጠዋት እስከ መናኸሪያ በእግር፣ ከዛ ሚኒባስ፣ ኮምቦልቻ ስወርድ ደሞ ባጃጅ፣ ማታም እንደዛው ነው፣ ለባጃጅ ብቻ በወር የማወጣውን ሳስበው ያናድደኛል። ውጪ ያለ ዘመዴ ታጣፊ ሳይክል ልላክልህ ብሎኛል፣ ባለ 16 ኢንች ጎማ ነው ባለ 20 የምትፈልገው ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ሚኒባስ ውስጥስ ያስገቡኛል ወይ? ደሞ ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በሱው ወርጄ ማታ ብቻ በመኪና ብመለስስ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሐረጎን በታጣፊ ሳይክል አትውረድ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ ማለት ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚይዝልህ ፍሬኑ ነው፣ ፍሬኑ ደሞ ቸርኬውን እያሸ ነው ሚይዘው፣ ሲታሽ ይግላል። ቸርኬው ትንሽ ሲሆን ሙቀቱን ሚቀበለው ብረት ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ከትልቁ ሳይክል ቶሎ ይግልና የውስጥ ጎማውን ያፈነዳዋል። እኔ ከዓመታት በፊት ባለ 20ዋን ይዤ ሞክሬዋለሁ፣ መሃል መንገድ ስደርስ የኋላው ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ፣ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩና ቸርኬውን ነካ ባደርገው ጣቴን ጠበሰኝ። ከኋላዬ መኪና አልነበረም፣ አልሃምዱሊላህ። መንገዱ እኮ የኛ ብቻ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳቢ በዛው ነው የሚወጣው። ክረምት ሲሆን ደሞ ጉሙ አለ፣ ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው ሚይዘው። የዲስክ ፍሬን ያለው፣ ማለትም ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሃል ያለችውን ሳህን የሚይዘው፣ ይሻላል፣ ግን ትንሿ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከትልቁ ይልቅ ጠልቃ ስለምትገባ በፍጥነት ላይ እያለህ ልትገለብጥህ ትችላለች። ስለዚህ በፍጹም።

ሳይክሏ የምትጠቅምህ በሁለቱ ጫፍ ነው፣ ከቤትህ እስከ መናኸሪያ፣ ከኮምቦልቻ መውረጃህ እስከ ፓርኩ። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ጉልበት አትጠይቅህም፣ የባጃጁን ብር የምታስቀረውም እዛ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ያለች ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች እዛ ጥቅሟ ያንሳል፣ ኮብልስቶኑም በትንሽ ጎማ ያንገጫግጫል፣ ዳገቱ ላይ ወርደህ ግፋት።

መጠኑን በተመለከተ ዘመድህን ባለ 16 በለው። ብሮምፕተን የሚባለው የእንግሊዞቹ ሲታጠፍ ወደ 58 በ57 በ27 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከጉልበትህ ፊት ቆሞ ይሄዳል። ባለ 20ው፣ ዳሆንና መሰሎቹ፣ ለመንዳት ይመቻል ግን ታጥፎም ርዝመቱ ወደ 80 ይጠጋል፣ ሰው ጢም ባለበት ሚኒባስ ውስጥ አታስገባውም፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ነው ሚወጣው። ከወጣ ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ገመዱም በፍሬሙ ይታሰር እንጂ በራጂ ወይ በፍሬን ሽቦ እንዳያስሩት ቆመህ እይ። ክብደታቸው አብዛኛው ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው፣ ባትሪ ያለውን እርሳው፣ ይከብዳል።

ያስገቡኛል ወይ ላልከው፣ ያስገቡሃል፣ ግን እንደ አመጣጥህ ነው። መኪናው ሳይመጣ በፊት እጠፋት፣ ንጹህ ማዳበሪያ ወይ ወፍራም ቦርሳ ውስጥ ክተታት። ረዳቱ ጎማና ካቴና ሲያይ "ሳይክል አልጭንም" ይላል፣ ቦርሳ ሲያይ ግን ሻንጣ ነው ብሎ ያልፋል፣ የጎረቤትህ ልብስም ዘይት አይነካውም። ሳትሳፈር "ወንድም፣ ይቺን ይዣለሁ፣ የትርፍ ጭነት ካለ እከፍላለሁ" በለው፣ መንገድ ላይ ከመጨቃጨቅ ይሄ መቶ እጥፍ ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ውጣ፣ ሰልፍ ሲበዛ ማንም ቦታ አይሰጥህም። በየቀኑ ይዘሃት ስትመጣ እነሱም ይለምዱሃል፣ እኔ በሁለተኛው ወር ራሳቸው ናቸው የት እንደማስቀምጣት ሚያሳዩኝ የነበሩት።

አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፣ ሁልጊዜ ከመንዳትህ በፊት የመሃሉን ማጠፊያና የመሪውን ማጠፊያ ቁልፍ ጨብጠህ ነቅንቃቸው። ሳይታገልህ ዝም ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ላልቷል፣ ሜካኒክ ሳያጠብቀው አትንዳት። በተለይ የመሪው ድንገት ከታጠፈ በፊትህ ነው ምትወድቀው። ጎማውንም ጎኑ ላይ የተጻፈው ልክ ድረስ አስነፋው፣ ትንሽ ጎማ ሲለሰልስ ጉድጓድ ላይ ቶሎ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ የባቡሩ ሐዲድ ስራ ሲጀምር ሳይክል ይዘን መግባት እንችላለን?

መልስ፦ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እኛ ግን ገና መንገደኛ ሆነን አልተሳፈርንበትም። ሲጀምር አስቀድመን ብንጠይቅ ጥሩ ነው። ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሙሉ ሳይክል በስራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አይፈቀድም፣ የታጠፈ ግን በማንኛውም ሰዓት ይገባል፣ እንደ ሻንጣ ነው ሚታየው። የኛም ባቡር እንዲሁ ቢደነግግ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ነኝ፣ ረጅም ቀሚስና ሂጃብ ነው ምለብሰው፣ ኮምቦልቻ ነው ምሰራው። ታጣፊ ሳይክል መንዳት እችላለሁ ወይስ ልብሴ ካቴና ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እንዲያውም ለአንቺ ከሌላው ሳይክል ይሻላል። የመሃሉ ፍሬም ዝቅ ያለ ስለሆነ እግርሽን ወደ ላይ ሳታነሺ ትወጫለሽ። ስትገዢ ግን ካቴናውን የሚሸፍን መከለያ ያለውን ምረጪ፣ የኋላ ጎማው ላይም ጭቃ መከላከያ ይኑረው። ከሌለው የቀሚሱን ጫፍ በቀኝ በኩል፣ ካቴናው ባለበት፣ በላስቲክ ወይ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስበሽ ያዢው፣ የሂጃቡን ጫፍ ደሞ ወደ ደረትሽ አስገቢው። መጀመሪያ ጁምዓ ከሰዓት ወይ እሁድ፣ መንገዱ ጭር ሲል ሰፈር ውስጥ ተለማመጂ፣ ማቆሙን ሳትለምጂ ዋናው አስፋልት አትውጪ። ሰው ያይሻል፣ የመጀመሪያ ሰሞን ልጆች ይከተሉሻል፣ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ማንም ዞሮ አያይሽም። ከጀመርሽ በኋላ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልን፣ ቀሚሱን በምን እንዳሰርሽውም ጨምሪበት፣ ይህንኑ የጠየቁ ሌሎች ሁለት እህቶች አሉ።