አንገቴ ጠቆረ፣ ስኳሬም 112 ሆነ

ጥያቄ፦ ሲስተር እንዴት ነሽ? የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱ ስላላልኩሽ አትቀየሚኝ። 39 ዓመቴ ነው፣ አሸዋ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ከዚራ ስለምኖር ጠዋትም ማታም በባጃጅ ነው የምመላለሰው። ከአንድ ዓመት ወዲህ አንገቴ ከኋላ ጠቆረ፣ ቆዳውም ወፈረ። መጀመሪያ የላብ እድፍ ነው ብዬ በሎሚና በጨው አሸሁት። ከዚያ የሚያነጣ ክሬም ገዛሁ። እስኪደማ ብፈትገው ወይ ፍንክች! የወር አበባዬም ይዘላል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንገቴን እንዳየ ላብራቶሪ ላከኝ። በባዶ ሆዴ 112 ሆነ። «ኢንሱሊን ሬዚስታንስ አለብሽ፣ ክብደት ቀንሺ» አለኝና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ስኳር ያዘኝ ማለት ነው? መርፌ ልጀምር ነው? ጎረቤቴ ደግሞ «ስኳርን የሚገድለው መራራ ነው» እያለች አብሽና ሽፈራው ታጠጣኛለች። የራሷንም ኪኒን ላካፍልሽ ብላኛለች። እንጀራስ ልተው? አቦ አንድ ነገር በዪኝ።
የአሸዋዋ ነጋዴ

መልስ፦ እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱ ብትዪኝ ነበር የምቀየመው።

መጀመሪያ ሎሚውን ለሰላጣ አድርጊው። አንገትሽ ላይ ያለው እድፍ አይደለም። ደም ውስጥ ኢንሱሊን ሲበዛ የቆዳ ሴሎች ከልክ በላይ እንዲባዙ ያደርጋል። አንገት ላይ፣ ብብት ውስጥ፣ ብሽሽት አካባቢ ቆዳው ይጠቁርና ይወፍራል። በእጅ ሲነካ ከፋይ ይመስላል፤ ከፋይን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ባሸሽው ቁጥር ይቆስላል፣ ሲድን የባሰ ይጠቁራል። ክሬሙንም ጣዪው። የሚያነጡ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ውስጥ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለ።

አሁን ወደ 112። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። ስለዚህ በዚህ ውጤት ስኳር አልያዘሽም። መርፌም አያስፈልግሽም። ኢንሱሊን አላነሰሽም፤ እንዲያውም ተርፎሻል። ችግሩ የሚሰማው መጥፋቱ ነው፤ ሐኪሙ «ኢንሱሊን ሬዚስታንስ» ያለሽ ይህንን ነው።

በንግድሽ ላስረዳሽ። እንጀራውም ሻዩም መጨረሻው ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ መግባት ነው። ደም መንገድ ነው፣ ዕቃ ተራግፎ የሚያድርበት ቦታ አይደለም። መጋዘኖቹ ጡንቻና ጉበት ናቸው። ኢንሱሊን ቆሽት የምትልከው መልእክተኛ ነው፤ በር እያንኳኳ «ዕቃ መጥቷል፣ ክፈቱ» ይላል። መጋዘኑ ውስጥ ስብ ከተጠቀጠቀ ግን ባለ መጋዘኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቆሽት ሌላ መልእክተኛ ትጨምራለች። አሁንም ትጨምራለች። በጩኸት ብዛት በሩ ይከፈታል፣ ስኳሩ ይገባል፣ የላብራቶሪ ወረቀቱም ለዓመታት «ደህና ነሽ» ይላል። ቆሽት መድከም ስትጀምር ነው ቁጥሩ ከፍ የሚለው። ጉበት ደግሞ የባሰበት ነው። ኢንሱሊን «በቃ» ሲለው ስለማይሰማ ሌሊቱን ከራሱ ስኳር ሲያወጣ ያድራል። ሳትበዪ አድረሽ ስኳሩ ከፍ ያለው ለዚህ ነው።

ጎረቤትሽን አከብራታለሁ፣ ግን መራራ ጣፋጭን የሚያሸንፈው ምላስ ላይ ነው። ደም ውስጥ ምላስ የለም። አብሽ ጥሩ ነገር ነው፣ ፋይበር አለው፤ ማር ጨምረሽ እንደምትጠጪው ግን አልጠራጠርም። ኪኒኑን በጭራሽ! ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ቆሽትን እየገረፈ ኢንሱሊን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ያንቺን ስኳር ካለልክ አውርዶ ሱቅሽ ውስጥ በላብ አጥምቆ ሊጥልሽ ይችላል። ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር ኪኒን ቢሆንም የሚታዘዘው ኩላሊት ታይቶ፣ በሐኪም ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ የኔ 118 ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስመክር የኖርኩ ነርስ! የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ፣ ጠዋት በባጃጅ ቤት፣ ከዚያ ሙቀቱ የማያስተኛ እንቅልፍ። አንድ ቀን ተቀምጬ ማንኪያ ቆጠርኩ። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 7 ብርጭቆ። 21 ማንኪያ! አንዱ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ ሰው በቀን ከ12 ማንኪያ በታች፣ ቢቻል ከ6 በታች ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሻዩ የታጠበ ብርጭቆ ውሃ መሰለኝ። አሁን ሰው ቤት 3 ማንኪያ ሲያደርጉልኝ መዋጥ ያቅተኛል።

ለስላሳውንም እይው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ ወደ 8 ማንኪያ ስኳር አለ። በርጫ ላይ እንደምትቀመጪ አልጻፍሽም፤ አሸዋን ግን አውቃለሁ። ከቃምሽ ነገሩ ጫቱ ብቻ አይደለም። ሻይና ለስላሳው፣ አራት ሰዓት ሙሉ መቀመጡ፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣው ረሃብ አለ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሰውነት ኢንሱሊንን እንዳይሰማ ያደርጋል።

እንጀራ አትተዪ። ተይ ብልሽም አትተዪም፤ ሁለት ሳምንት ታግሰሽ በሦስተኛው አራት ትበያለሽ። መጠኑን ቀንሺ፣ ወጡን አብዢ። ከጎመኑ፣ ከቆስጣውና ከምስሩ ጀምሪ። የማሽላ ነው ብለሽም አትዘናጊ፣ እሱም ስኳር ይሆናል። ሩዝና ፓስታን አንድ ሳህን ላይ ማጣመር የሚባለውን የድሬን ልማድ ግን ቢቻል እርሺው። ማንጎ ብዪ፣ ጨምቀሽ ስኳር ጨምረሽ አትጠጪ። በረመዳን ጎረቤቴ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ትልክልኛለች። አንዷን በልቼ ሳህኑን ለልጆቹ አሳልፋለሁ።

ከምግቡ ይልቅ እኔን ያዳነኝ ግን ሌላ ነው። ጡንቻ የጓሮ በር አለው። ሲሠራ ኢንሱሊን እስኪያንኳኳ አይጠብቅም፤ በጓሮ በር ስኳር ያስገባል። በተለይ ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብዙ ያግዛል። በ8 ሰዓት የድሬ ፀሐይ ውጪ እንደማትልሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ምሳ እንደበላሽ ልጅቷን «ጣቃውን አውርጂ» አትበያት። ራስሽ አውርጂ፣ ራስሽ መልሰሽ ደርድሪ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሱቅ ስትዘጊ ባጃጁን ተዪውና የደቻቱን ድልድይ በእግርሽ ተሻገሪ። ከዚራ ስትገቢ ዛፎቹ አሉልሽ፣ ነፋሱም ይመጣል። እኔ በዚህ መንገድ 118ን በስምንት ወር 97 አስገባሁ።

አሜሪካ ውስጥ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንዱ ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድሉ በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰደው ቡድን በ31 በመቶ ነው የቀነሰው። 7 በመቶ ላንቺ ወደ 6 ኪሎ ነው። 82 የነበረ ሰው 76 ቢሆን አማቱም አያስተውሉ ይሆናል፤ ጉበቱ ግን ያውቃል።

የወር አበባሽን ነገር ለማህፀን ሐኪም ንገሪ። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ከሚባለው የእንቁላል ማፍሪያ ችግር ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ክብደት ሲቀንስ እንቁላል መውጣቱም ሊስተካከል ስለሚችል፣ ሦስተኛ ልጅ ካላሰብሽ ከወዲሁ ተዘጋጂ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመርመሪ። በባዶ ሆድ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን ሰዉ «የሦስት ወር ስኳር» የሚለውንም ጠይቂ። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ አሁንም ቅድመ ስኳር ላይ ነሽ። ደም ግፊትና ኮሌስትሮልም አብረው ይታዩ። ውሃ ጥም ከበዛብሽ፣ ሽንት ካመላለሰሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ ግን ሦስት ወር አትጠብቂ። አንገትሽ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ወራት ይፈጃል፤ በየቀኑ መስታወት አትይ። ቁጥሩን ጻፊልኝ። ጣቃውን ማን እያወረደ እንደሆነም ጭምር።