እናትሽን ወደ ጀርመን ለምታመጪው እህቴ

«ልወልድ ነው፤ እናቴን ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ላመጣት እፈልጋለሁ፤ ምን ላዘጋጅ?» ላልሽው። ጉዳይሽ ቁርጥ የእኔ ነው። የእኔ እናት መጀመሪያ ተከልክላ በሁለተኛው ነው የመጣችው። አንቺ እንዳትደክሚ ልንገርሽ።

1. የስፖንሰር ወረቀቱን፣ ጀርመኖቹ ፌርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚሉትን፣ ካለሽበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ታወጪያለሽ። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ቀጠሮው ግን ይቆያልና ዛሬውኑ ያዢ። ስሟን ከፓስፖርቷ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪ። «ሦስት ወር» አትበዪ፣ 90 ቀን ብለሽ ቁጠሪ። አንዳንዱ ሦስት ወር 92 ቀን ነው።

2. «ቪዛው በ15 ቀን ያልቃል» የሚልሽን አትስሚ። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በእኛ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ምክንያቱ መንግሥታችን ከዚያ የሚባረሩ ዜጎቹን በመቀበል አልተባበረም የሚል ነው። እናቶቻችን ምን አድርገው ነው የሚቀጡት? ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

3. የቪዛ ፎርሙን ራስሽ ሙዪው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እማዬ 34 ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከፍላ ያስሞላችው ልጅ ግን ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። ነጠላዋን አይቶ ሞላው። መነጽሯን አልያዘችም ነበርና ዝም ብላ ፈረመች። የጡረታ ደብተሯን፣ የቤት ካርታዋን፣ የተከራዮቿን ውል በፌስታል ቋጥራ ሄዳ ነበር። የቪዛ ማመልከቻ መቀበያው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ፌስታሉን ሳትፈታው መልሳ ገፋችላት። «እማማ፣ ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ወረፋ አለ» አለቻት። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ክልከላው መጣ። ምልክት የተደረገበት ሳጥን «ቪዛው ሳያልቅ ለመመለሷ ጥርጣሬ አለን» የሚለው ነው። 34 ዓመት የሠራችበት ጡረታ፣ ቤቷ፣ ተከራዮቿ አንዱም ፋይሉ ውስጥ አልነበረም! የማመልከቻው 90 ዩሮ አይመለስም። እኔም ያለ እናት ወለድኩ። የአራስ ገንፎዬን ጎረቤቴ ናት ያገነፋችልኝ፣ እግዜር ይስጣት።

ሁለተኛውን ፎርም ሌሊት ልጄን እያጠባሁ በስልኬ እኔው ሞላሁት። «ጡረታ የወጣች መምህርት» ብዬ። የባንክ ደብተሯንና ካርታዋን አስተርጉሜ ከፊት አስቀመጥኩ። ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኛ በአባታችን ስም ነው የምንጠራው። ፓስፖርታችንን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት እናትና ልጅ መሆናችንን የሚያሳይ ነገር የለም። የልደት ሰርተፊኬትሽን የግድ አስገቢ። የጉዞ ጤና ኢንሹራንሷ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ከተከለከለች በቀላሉ አቤት እላለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ጀርመን ከሐምሌ 2025 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የተቃውሞ ደብዳቤ መቀበል አቁማለች። የሚቀረው እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

መጣች፣ ተመስገን። የመመለሻ ትኬቷን፣ የስፖንሰር ወረቀቱንና የኢንሹራንሱን ኮፒ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ነበር። ፍራንክፈርት ላይ ፖሊሱ ሲጠይቃት አንድ በአንድ አውጥታ አሳየችው። ልጄ አያቷን ስታይ የሦስት ወር ልጅ ነበረች።

መውለጃሽ መቼ ነው? ወሩን ጻፊልኝና ወደ ኋላ ቆጥረን የቀጠሮውን ቀን አብረን እናውጣ።