«ከንቲባው ወስነዋል» ሲባል የወሰነው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ጀበና ቡናና የተጠበሰ ዓሣ እየሸጥኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሠራተኛ መጥቶ ወረቀት ሰጠኝ። በየወሩ የምከፍለው የቦታ ክፍያ እጥፍ ሆኗል ይላል። ሄጄ ስጠይቅ «ከንቲባው ወስነዋል፤ እኛ ምን እናድርግ» አሉኝ። ጎረቤቴ ግን «ክፍያ የሚጨምረው ምክር ቤት ነው፤ ከንቲባ ብቻውን አይችልም» ትላለች። እኔ ከንቲባውን አልመረጥኩም። ምክር ቤቱንም አላውቀውም። አቤት የምለው ለማን ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጎረቤትዎ ሕጉን አልሳቱም። እርስዎ ግን ገና ያላወቁት ነገር አለ። ከወረቀቱ ጀርባ የማን ውሳኔ እንዳለ አልተነገረዎትም። «ከንቲባው ወስነዋል» ያለዎት ሠራተኛ ራሱም ላያውቀው ይችላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከላይ የመጣ ነገር ሁሉ «ከንቲባው ወስነዋል» ይባላልና።

ዕድር ውስጥ አሉ አይደል? የዕድሩ ዳኛ ስብሰባ ይመራል፤ ገንዘቡ በትክክል መሰብሰቡን ይከታተላል፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ እንዲተከል ያደርጋል። ግን አንድ ቀን ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ወርሃዊ መዋጮው እጥፍ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? «ጉባኤው መቼ ተስማማ?» ይባላል። ከንቲባና ምክር ቤትም በግርድፉ እንዲሁ ናቸው።

በእኛ ክልል የከተሞችን አስተዳደር የወሰነው አዋጅ ቁጥር 91/1996 ነው። በዚያ መሠረት በከተማው ጉዳይ የበላዩ አካል የከተማው ምክር ቤት ነው። ከንቲባውን የሚሾመው እሱ ነው። የከተማውን በጀት ያጸድቃል። የአስተዳደሩን ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል። ከተማው የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ታሪፍም ክልሉ ባወጣው ሕግ ወሰን ውስጥ የሚጸድቀው በእሱ ነው። ከንቲባው ደግሞ ሥራ አስፈጻሚ ነው። ዕቅድና በጀት አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ የጸደቀውን በሥራ ላይ ያውላል፤ በሥሩ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ይመራል።

ከንቲባው ሁለት አለቃ እንዳለው ግን አይርሱ። ተጠሪነቱ ለከተማው ምክር ቤትም ለክልሉ ርዕሰ መስተዳድርም ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ በተግባር የሁለተኛው ስልክ ቶሎ ይነሣል።

«አልመረጥኩም» ያሉት ትክክል ነው። ከንቲባን በቀጥታ የመረጠ ነዋሪ የለም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ከንቲባ የሚወጣው ከምክር ቤት ነው። እርስዎ የሚመርጡት የምክር ቤት አባላትን ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጉድ አለ። የከተማ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት የአካባቢ ምርጫ በአገር ደረጃ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ተሰልፈን ድምፅ የሰጠነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነበር፤ ያኔ ለከተማ ምክር ቤታቸው የመረጡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። ስለዚህ ምክር ቤቱን ባያውቁት አይገርመኝም። ቢሆንም በሩ ክፍት ነው። አፈ ጉባኤ አለው፤ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ማመልከቻ ይቀበላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። መጀመሪያ ደብዳቤውን በደንብ ያንብቡት። ቁጥርና ቀን አለው? ማኅተም አለው? «በምክር ቤቱ በጸደቀው ታሪፍ መሠረት» የሚል ወይም የደንብ ወይም የመመሪያ ቁጥር የሚጠቅስ መስመር አለበት? እንዲህ ያለ መስመር ከሌለበት እሱን ይጠይቁ። የሚጠይቁት በጽሑፍ ነው። ለጥያቄዎ መሠረት የሚሆነው የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ ማንኛውም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የጸደቀውን ታሪፍና የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይጠይቁ። «ሚስጥር ነው» ካሉዎት ይሣቁ። ሕዝብ የሚከፍለው ዋጋ ሚስጥር ሊሆን አይችልም።

የጠየቁት ወረቀት መልስ መንገድዎን ይለየዋል።

ምክር ቤቱ ካጸደቀው ጭማሪው ሕጋዊ መሠረት አለው ማለት ነው። ያኔ ክርክርዎ «ሥልጣን የለውም» መሆኑ ይቀርና «ከበደን» ይሆናል። አብረዋችሁ የሚሠሩትን ሰብስቡና በጋራ ፈርማችሁ ለአፈ ጉባኤው አቤቱታ አስገቡ። አንድ ሰው ሲጽፍ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። 40 ሰው ሲፈርም አጀንዳ ይሆናል።

ምክር ቤቱ ያላየው፣ በደብዳቤ ብቻ የተጨመረ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ በዚያው መሥሪያ ቤት ላለው ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጩን ለምክር ቤቱ ያስገቡ። መልስ ካጡ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያለው የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ታዲያ ልብ ይበሉ፦ የተመረጠ ምክር ቤት በሕግ አውጪነቱ የወሰነውን እንባ ጠባቂ አይመረምርም። የአስፈጻሚውን ሥራ ግን ይመረምራል። ማን እንደወሰነ መጀመሪያ እወቁ የምልዎት ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይቶ አዋጅ 1183/2012ን ይዞ ይመጣል። እሱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንዲሁም አዲስ አበባንና ድሬዳዋን የሚመለከት የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ነው። የባሕር ዳርን ከንቲባ በእሱ መክሰስ አይቻልም። ማመልከቻዎ ላይ አይጥቀሱት።

ፍርድ ቤትስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባ ጉዳይን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። ግን ለአንዲት ቡና መሸጫ ቦታ የወር ክፍያ ጠበቃ ቀጥሮ መከራከር ከጭማሪው በላይ ያስወጣል። ጠበቃ ሆኜ ይህን ማለቴ ራሴን ይጎዳኛል፤ ግን እውነት ነው። ብዙ ሆናችሁ ወጪውን ከተካፈላችሁ ያኔ እንነጋገራለን።

እስከዚያ ክፍያ አያቋርጡ። ካቋረጡ ጉዳዩ «ባለዕዳ ናት» ወደሚል ይዞራል፤ ቦታዎንም ያጣሉ። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ። ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይስጡ፤ የሚቀበለው ሰው የቱንም ያህል ቢጣደፍ። ለብቻው አጭር ማመልከቻ ጽፈው በሁለት ቅጂ ይውሰዱ፤ አንዱን ያስገቡ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። እንዲህ የሚል ይበቃል፦

«በደብዳቤ ቁጥር … የተጠየቅሁትን ጭማሪ የምከፍለው ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ ነው። ታሪፉ በከተማው ምክር ቤት የጸደቀበት ውሳኔ ቅጂ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»